የጋቢው ሌላኛው ጫፍ

አገርነሽ ጋቢ አጣቢ ናት። ልብስ አጣቢ አላልኩም። ልብስማ አሁን ማሽን ያጥበዋል፤ ሲ.ኤም.ሲ. ሰፈር ካሉት ቤቶች ማሽን የሌለው ጥቂት ነው። ጋቢ ግን ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ማሽኑን ያንገጫግጨዋል፤ በእጅ የተፈተለ ከሆነ ደግሞ ባለቤቶቹ ለማሽን አያምኑትም። ስለዚህ ጋቢና ቡልኮ ሲሆን አገርነሽና ዘቢደር ይጠራሉ። ግቢ የሌላቸው የኮንዶሚኒየም ሰዎች ደግሞ ጋቢያቸውን እኛ ዘንድ ቀበና ድረስ ያመጣሉ፤ አገርነሽና ዘቢደርም ከግቢያችን ቧንቧ ሥር ያጥቡታል። የእኔ በር ከቧንቧው ፊት ለፊት ነው። ሁለቱን ከሃያ ዓመት በላይ ያየኋቸው ከዚያ በር ላይ ተቀምጬ ነው።

ጋቢ ለብቻ አይጨመቅም። አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ይይዙና ፊት ለፊት ቆመው ያጠማዝዙታል። ጋቢው መጀመሪያ እንደ ገመድ ይከርራል፣ ከዚያ እንደ ዱላ ይገተራል፣ ውሃውም ከመሃሉ ይንዠቀዠቃል። የአንዷ እጅ ከላላ ጋቢው ጭቃ ላይ ይወድቅና ልፋቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። በክረምት ደግሞ በደንብ ያልተጨመቀ ጋቢ ሳይደርቅ ይሸታል። ለዚህ ነው በየጠዋቱ ከግቢው በር ወጥተው ወደ እንጦጦ ቀና ብለው የሚያዩት። ባሕር ዛፉ ላይ ጥቁር ደመና ከተኛ የዚያን ቀን ጋቢ አይነከርም።

ዘቢደር ግራኝ ናት። ሁለት ቀኝ እጅ ያላቸው ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እያንዳንዳቸው ወደ ቀኛቸው ቢያዞሩ ጋቢው ይጠመዘዛል። ዘቢደር ግን የምታዞረው ወደ ግራዋ ነው። መጀመሪያ አብረው የሠሩ ቀን ጋቢው በመካከላቸው ዝም ብሎ ተሽከረከረ እንጂ ጠብታ አልወጣውም። አገርነሽ ሳቀችና እሷም ወደ ግራዋ ማዞር ጀመረች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ በግራ ሆነ። ነገሩን ደግሞ ያነሳው ሰው የለም።

ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ገና ሲጀምር፣ አገርነሽ ከዳቦ ቤት ስትመለስ የቁልቁለቱ ኮብልስቶን አንሸራቶ ጣላትና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላት። ጀሶው ሲፈታ ከውስጡ የወጣው እጅ ቀጥኖና ገርጥቶ የሌላ ሰው መስሎ ነበር። የዚያው ግቢ ጎረቤቷ ነኝና የበሯን ቁልፍ ማዞር ሲያቅታት እኔን ጠራችኝ። ከፍቼላት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን እያገላበጠች ታየው ጀመር።

«እማማ፣ በዚህ እጅ ምን እይዛለሁ?» አለችኝ።

ይሻልሻል አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

እጇን የሚያዩላት ባለሙያ ወረቀት ጽፈው ሰጥተዋት ነበር። እኔም ማንበብ የተማርኩት በእርጅናዬ ስለሆነ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። መጀመሪያ እጁን ለብ ባለ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ፤ ከዚያ የላስቲክ ኳስ መጭመቅ፤ ኳሱ ሲቀልላት ደግሞ የእጅ ስፕሪንግ መግዛት። ስፕሪንጉ ምን እንደሆነ ሁለታችንም አላወቅንም። የሚያውቀው ባለሱቁ ሀሚድ ሆነ። ሀሚድ ገበያ ሲቀዘቅዝ ከሱቁ ጀርባ ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ የሠራውን ክብደት ያነሳል። መገናኛ መንገድ ዳር ዘርግተው ከሚሸጡት ገዝቶ አመጣላት። ሁለት የፕላስቲክ እጀታዎች ናቸው፤ ከላይ የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ ያያይዛቸዋል። በአንድ እጅ ተጨብጠው እስኪነካኩ ድረስ ይጫናሉ፤ ሲለቀቁ ሽቦው መልሶ ይከፍታቸዋል።

«ማንን ልታንቂ ነው፣ አገርነሽ?» አላት ሲሰጣት።

«ገና አልመረጥኩም» አለችው።

እኔ ግን መምረጧን አውቄያለሁ።

እጇ እንደተሰበረ ዘቢደርን ያስጠራቻት ራሷ ናት። ሥራው እንዳይቀርብሽ፣ እኔ እስክድን ድረስ ሰው ያዢ አለቻት። ዘቢደርም ማዕዶት የምትባል፣ ከየካ አባዶ በሁለት ታክሲ የምትመጣ ወጣት ያዘች። ችግሩ ልጅቷ ጎበዝ መሆኗ ነው። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ አገርነሽ ክረምቱን እንቅልፏን ትተኛ ነበር። ማዕዶት ግን ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ክንዷ የበረታ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሳቂታ ናት። አንዲት የሲ.ኤም.ሲ. ደንበኛ ዘንድሮ ጋቢዬ ቶሎ ደረቀልኝ ብላ አመሰገነች አሉ። አገርነሽ ይህን ስትሰማ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ጋቢ ሲጨመቅ ወሬ አለ። ሁለት እጅ ተይዞ ፊት ለፊት ተቁሞ ከማውራት ሌላ ምን ይሠራል? የባል ነገር፣ የልጅ ነገር፣ የሞተም የተጣላም ሰው ነገር፣ አገርነሽና ዘቢደር የተነጋገሩት ሁሉ በጋቢ ላይ ነው። አሁን ወሬው የማዕዶት ሆነ። አገርነሽ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ስፕሪንጉን ትጫናለች። ከቧንቧው በኩል ሳቅ በሰማች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ትደግመዋለች። እንጀራ ቀርቦላት በግራ እጇ ትጎርሳለች፣ ቀኟ ስፕሪንጉን አይለቅም። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ወደ እኔ ትመጣለች።

«ምን ብላት ነው እንደዚያ የሳቀችው?» ትለኛለች።

አልሰማሁም እላታለሁ።

«እዚሁ በር ላይ ተቀምጠው? እርስዎ?»

እውነቴን ነው፣ አንዳንዱን አልሰማሁም። የሰማሁትንም አልነገርኳትም። ማዕዶት ስለ ታክሲ ረዳቶች የምታወራው ወሬ ነው፤ የሚያስቀና ነገር የለውም። አገርነሽን ግን የሚያስቀናት፣ ወሬው ምንም ይሁን ምን፣ ለሌላ መነገሩ ነው። ከሁሉ የከነከናት ደግሞ አጠራሯ ነው። ልጅቷ ዘቢደርን «ዘቢዬ» ትላታለች።

«በእናቷ ዕድሜ ያለችን ሴት ዘቢዬ!» አለችኝ አንድ ቀን። ስፕሪንጉን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቀችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እንኳ ብያት አላውቅም» አለች።

በያት ታዲያ፣ ማን ከለከለሽ አልኳት።

በሐምሌ እጀታዎቹ ግማሽ መንገድ ይቀርቡላት ነበር። ነሐሴ ሲገባ በጣም ተቀራረቡ። እሑድ እሑድ እንጦጦ ጸበል ስንወጣም ስፕሪንጉን ይዛ ትሄዳለች፤ በዳገቱ ላይ ሯጮች እያለፉን እሷም በነጠላዋ ሥር የራሷን ስፖርት ትሠራለች። አንድ ቀን ስብከት ላይ ሽቦው ሲጢጥ ሲል አጠገባችን የቆሙት ሴትዮ ዞር ብለው አዩን። እኔ አፈርኩ። እሷ ነጠላዋን ደርባ ቀጠለች። ጸበሉን ስትጠመቅም አጠገቧ ነበርኩና ልመናዋን ሰማሁት። አምላኳን እጄን ማርልኝ ብቻ አላለችውም፤ ከጳጉሜ በፊት አለችው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ጳጉሜ የአጣቢዎች ወር ናት። አዲስ ዓመት በቆሸሸ ጋቢ አይገባምና ሰው ያለውን ሁሉ ያወጣል። ደንበኞችም በዚያን ጊዜ አብረው ያዩዋቸውን ሁለት ሴቶች ለዓመቱ ሥራ ይይዛሉ። ዘቢደር በጳጉሜ ከማዕዶት ጋር ከታየች ዓመቱን ሙሉ የሚጠሩት «ዘቢደርና ማዕዶት» ተብለው ነው። አገርነሽ ይህን እያሰበች እጇ እስኪያብጥ ጨመቀች። ወረቀቱ ቀስ እያልሽ ነው የሚለው ብዬ ተቆጣሁ፤ ስፕሪንጉን ወስጄ ትራሴ ሥር ደበቅኩት። በማግስቱ ገበያ ሄጄ ስመለስ የለም። በወይራ ዘይት እያሸሁላት ሌባ አልኳት፤ ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ ያን ያህል ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ እጀታዎቹ ተነካኩ። ቀጭ የሚለውን ድምፅ ያሰማችኝ ከእኔ ቤት ድረስ መጥታ ነው። በዚያው ቀን ማዕዶት ከቧንቧው ስትመለስ እጇን ዘርግታ ሰላም አለቻት። አገርነሽም ጨበጠቻት፣ ያዘቻት፣ አልለቅም አለች። ልጅቷ ፊቷን ታኮሳትራለች ብዬ ጠበቅኩ። ማዕዶት ግን ዓይኗ በራ፤ «እትዬ አገርነሽ፣ እጅዎ ዳነ እኮ!» ብላ ያንኑ የጨበጣትን እጅ ጎንበስ ብላ ሳመችው። አገርነሽ ምን ታድርግ? የምትጠላት ልጅ ደግ ስትሆንባት የባሰ ተናደደች።

የጳጉሜ መጀመሪያ ጠዋት እንጦጦ ጥርት ብሎ ታየ። ሦስቱም ቧንቧው ሥር ተገናኙ። ጋቢው በየሳፋው ተነክሯል። አገርነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከመጀመሪያው ሳፋ ትልቁን ጋቢ አውጥታ አንዱን ጫፍ ለዘቢደር ሰጠቻት፣ ሌላውን ራሷ ያዘች። ማዕዶትን ቀና ብላም አላየቻት። ማዕዶት ነገሩ ገብቷት ነው መሰለኝ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ፈቀቅ አለች። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ በሬ ላይ ነበርኩ፤ ጸሎቱን ግን ትቼዋለሁ።

አገርነሽ አጥብቃ ጨበጠችና ወደ ግራዋ አዞረች። ዘቢደርም አዞረች። ጋቢው ተሽከረከረ። ውሃ የለም። እንደገና አዞሩ፤ ጋቢው በመካከላቸው እየዞረ ዝም አለ፤ ከመሃሉ ያቺ የራሱ ክብደት የሚያወርዳት ጠብታ ብቻ ጠብ ጠብ አለች። አገርነሽ እጇ የከዳት መስሏት ጉልበቷን ሁሉ አፈሰሰችበት። የክንዷ ሥር ተገተረ። ጋቢው አሁንም ዝም ብሎ ዞረ።

ከዚያ ቆመች። ያየችው የዘቢደርን እጅ ነው። ዘቢደር ወደ ቀኟ እያዞረች ነበር።

ለማዕዶት ብላ መቀየሯ ነው። ሃያ ዓመት ከግራ ያልተነቃነቀው የዘቢደር እጅ በአንድ ክረምት ቀኝ ለምዷል።

«ለእሷ እጅሽን ቀየርሽላት» አለች አገርነሽ።

ዘቢደር ወደ እጇ አየች። ራሷም ያስተዋለችው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ጋቢውን ሳትለቅ ተናገረች።

«አንቺ የመጀመሪያው ቀን ስቀሽ ወደ እኔ ዞርሽ። ከብዶኛል ብለሽ አታውቂም። እሷ ግን ሦስተኛው ጋቢ ላይ አልቻልኩም፣ እጄን ያመኛል አለችኝ። ምን ላድርግ?»

«ከብዶኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ማዕዶት ገመዱ ሥር መቆንጠጫ እንደያዘች ቀረች። ከጋቢው ውሃ በሁለቱም ጫማ ላይ ይንጠባጠባል፤ አንዳቸውም እግራቸውን አላነሱም። አገርነሽ ፊቷ ቀልቷል። እኔ ጥላው ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ፤ ጥላ ብትሄድ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ወዴት እንደሚሄድ ሦስቱም ያውቁታል። እሷም ይህን ሳታስብ አልቀረችም፤ ጫፉን ይበልጥ ስትጠቀልለው አየሁ።

«እሺ፣ አሁን ወዴት እናዙር?» አለች ዘቢደር ቀስ ብላ።

«ወደ ቀኝ» አለች አገርነሽ። «ለእኔም በቀኝ።»

አዞሩ። ጋቢው ወዲያው ከረረ፣ ተገተረ፣ ውሃው ዥው ብሎ ወረደ። አገርነሽ በግራ በማዞር የኖረች ሴት ናት፤ በገዛ ቀኟ፣ ያውም ክረምቱን ሙሉ ከሽቦ ጋር በታገለ ቀኟ ስታዞር ዘቢደር አይታት አታውቅም። ዘቢደር ወደ ፊት ተንደረደረች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልትጥዪኝ ነው እኮ!»

«ያዢ ታዲያ» አለች አገርነሽ።

ከአምስት ስድስት ጋቢ በኋላ ዘቢደር ትንፋሽ አጠራት። ማዕዶት መጣችና፣ «ዘቢዬ፣ አንቺ አረፍ በይ፣ እኔ ልያዝ» አለች። አገርነሽ ጎንበስ ብላ አዲስ ጋቢ እያወጣች ነበር። ማዕዶት ዘቢዬ ስትል ስሰማ አሁን ገና አበቃ አልኩ። እሷ ግን ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት፣ ዘቢደርን አየቻት፣ አንድ ነገር ስታሰላ ቆየችና ጫፉን ለማዕዶት አቀበለቻት። ለምን እንዳቀበለቻት ወዲያው አልገባኝም። ከሰዓት በኋላ ነው የገባኝ፤ ማዕዶት ሲደክማት ዘቢደር ያዘች፣ ዘቢደር ሲደክማት ማዕዶት ያዘች፣ አገርነሽን ግን ማንም አልተካትም። እጅሽ ያብጣል፣ ተይው አረፍ በይ አልኳት ከበሬ ላይ። አልደከመኝም አለችኝ። ፊቷ በላብ ርሷል።

በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ፤ ሲ.ኤም.ሲ. ሄደው ሲሠሩም እንደዚያው መሆኑን ዘቢደር እየሳቀች ነገረችኝ። ደንበኞች አሁን የሚጠሯቸው ሦስት አድርገው ነው። ማዕዶት ዘቢዬ ማለቷን አልተወችም፤ አገርነሽም መኮሳተሯን አልተወችም። ሌላኛውን ጫፍ ዘቢደርና ማዕዶት እየተፈራረቁ ይይዛሉ። ሁለቱ በአንድ ጋቢ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁም።