«አባዬ» የሚለው ማስታወቂያ

ዲላ ውስጥ ጠበቃ ማለት የመሬት ጠበቃ ማለት ነው። ከመሬት ካለፈ ውርስ፣ ከውርስ ካለፈ ፍቺ ነው። ስለዚህ ጣሪያ የሚሠራው አናጢ ሽብሩ የጠበቃው የአቶ አብዱልአዚዝ ቢሮ ገብቶ «የልጄን ድምፅ ሳያስፈቅዱኝ ማስታወቂያ ሠሩበት» ሲል፣ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ዕድሜ ልኩን ስለ ድንበር ምልክት፣ ስለ ባሕር ዛፍና ስለ እንሰት ማሳ ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። ድምፅ ተወሰደብኝ ብሎ የመጣበት ደንበኛ አልነበረም።

«ልጅቷ ራሷ ብትመጣ አይሻልም?» አለ።

«አትመጣም» አለ ሽብሩ። «አምና ቀብሬያታለሁ።»

አብዱልአዚዝ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወንበር ሳበለት።

ሽብሩ ከገደብ ወደ ዲላ የመጣው በወጣትነቱ፣ መዶሻና መጋዝ ብቻ ይዞ ነው። ሚስቱ ሔርሜላን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ሕፃኗን የሚያስጠብቅበት ስላልነበረው ሥራ ቦታ ይዟት ይውል ነበር። እሱ ማገር ላይ ቆሞ ቆርቆሮ ሲመታ፣ እሷ ከታች፣ ቀድሞ ቆርቆሮ በለበሰው ጥግ ሥር ትቀመጣለች። የጌዴኦ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ የማያውቅ ነው፤ ሲጀምር ልጅቷ ወደ ላይ አንጋጣ «አባዬ፣ እንግዲህ አይዘንብብንም አይደል?» ትለዋለች። «ወዬ ልጄ፣ አይዘንብብንም» ይላታል፣ እሱ ራሱ እላዩ ላይ እየዘነበ። አድጋ መዘምራን ውስጥ ከገባች፣ ድምጿም በከተማው ከታወቀ በኋላ እንኳ፣ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ከመሰላሉ ሥር ቆማ ይችኑ ትላለች። እሱም ይችኑ ይመልሳል። ሌላ ሰላምታ አልነበራቸውም።

ዲላ የጀመራት ሕመም ሐዋሳ ላይ ጨረሳት። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ውጤት እየጠበቀች ነበር።

ቀብሩ እንዳለቀ ወዳጅ ዘመድ የተለመደውን አደረገ። ፎቶዎቿን ከግድግዳ አውርዶ ሰወረ፣ ልብሷን አከፋፈለ። ስልኳን እህቱ ጸሐይ ይዛው ወደ ገደብ ሄደች። እኛ ሐዘንተኛን የምንወደው እንዲህ ነው፤ ዓይኑ የሚያርፍበት አንድ ነገር እንኳ አናስቀርለትም። ሽብሩም ዝም አለ። ያን ጊዜ ቤቱን ነቅለው ቢወስዱትም ዝም ይል ነበር።

ያልሰወሩት ነገር በሞንታርቦ መጣ።

መዘምራኑን የሚቀርጸው የስቱዲዮ ልጅ ጆሲ፣ ሔርሜላ በሕይወት ሳለች፣ አዲስ አበባ ያለ የማስታወቂያ ድርጅት የልጅ ለዛ ያለው ድምፅ ይፈልጋል ብሎ ናሙና ቀርጿት ኖሯል። የፈለግሽውን በይ ሲላት ያው የአፏን አለች። ውል የለ፣ ፊርማ የለ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ልጆች በሳቅ የሠሩት ነገር ነው። ካለፈች ከወራት በኋላ ድርጅቱ ያን ናሙና ወደደው። ጆሲም መሞቷን ተናገረ፤ ግን «ተጠቀሙበት፣ ድምጿ እንኳ ይኑር» አለ። የሚተዋወቀው ደግሞ የጣሪያ ቆርቆሮ ነበር።

ማስታወቂያውን በሞንታርቦ እየለቀቀ የሚዞረው መኪና ዲላ ሲገባ ከሽብሩ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተሻለ መንገድ መሃል ቆመው ሹፌሩን «እዚህ ጋ ሐዘን አለ፣ ዝጋው» አሉት። ሹፌሩ ዘግቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ እዚያ መታጠፊያ ሲደርስ ራሱ ይዘጋዋል፣ ሰፈሩን ሲያልፍ ይከፍታል። ማስታወቂያው በቴሌቪዥንም ይተላለፋልና ባለሱቋ ሀዲጃ ሽብሩ ሚስማር ሊገዛ ሲመጣ ቴሌቪዥኗን ታጠፋለች። ወራት እንዲህ አለፈ። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ለአንድ ሰው ብሎ ድምፅ ደበቀ።

ኋላ ሽብሩ ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ ላይ ጣሪያ ሊሠራ፣ መኪናው በሚዞርበት በገበያ ቀን ተቀጠረ። ይሄኔ ጨነቃቸው፤ ጣሪያ ላይ ሳለ ድንገት ሰምቶ ቢወድቅስ? ተመካከሩና መርዶ እንደሚረዳ ሰው ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ በሩን አንኳኩ።

ሽብሩ ከፍቶ አያቸው። ጋሽ ተሻለ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ሀዲጃ ከኋላቸው ናት።

«ማን ነው?» አለ። «ጸሐይ ናት? እህቴ ናት?»

«ጸሐይ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ተሻለ፣ በጌዴኦኛ በተቃኘው አማርኛቸው። «ተቀመጥ። የሔርሜላ ነገር ነው።»

«ሔርሜላማ ሞታለች እኮ።»

«አዎ ሞታለች» አለች ሀዲጃ፣ እንባዋ እየቀደማት። «ድምጿ ግን አለ፣ የሔርሜላ አባት። መኪና ላይ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ይሰማዋል።»

እነሱ «አትሂድ፣ ቅር» አሉት፤ እሱ ግን በዚያው ቀን ጪጩ ሄደ። ጣሪያው ላይ ሆኖ መኪናውን ጠበቀ። መጣ። መጀመሪያ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ በገበያተኛው ጫጫታ ላይ «አባዬ፣ እንግዲህ አይዘንብብንም አይደል?» አለች። ሚስማሩ ከጣቱ ወደቀ። ቤቱን የሚያሠሩት ሴትዮ ከታች ሆነው «ጋሽ ሽብሩ፣ እኛም ይችን ልጅ ሰምተን ነው ይሄን ቆርቆሮ የገዛነው!» አሉት፣ ደስ እንዲለው ብለው። ከጉልበቱ ሥር የነበረው ያው ቆርቆሮ ነው። በልጁ ድምፅ የተሸጠ ቆርቆሮ ላይ ተንበርክኮ ኖሯል። ወርዶ ግንቡ ሥር ተቀመጠና እስኪመሽ መዶሻ አላነሳም። በማግስቱ ነው አብዱልአዚዝ ዘንድ የሄደው።

አብዱልአዚዝ የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል ሰው ነው። «ይሄ የኔ እንጀራ አይደለም» አለው። «የኪነ ጥበብና የማስታወቂያ ጉዳይ የሚይዙ ጠበቆች አሉ፤ ሐዋሳ አንዲት ልጅ አለች፣ ናፍቆት ትባላለች። እሷ ዘንድ ሂድ።»

ናፍቆት ወጣት ናት፤ ሽብሩን ስታየው ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለችው። የሚነግራትን ሳታቋርጥ ሰማችና «መከራከሪያ አለን፣ ጋሽ ሽብሩ» አለች። «ካሳም መጠየቅ እንችላለን።»

«ልጄን ልሸጥ?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።» ፊቷ ቀላ። «እሺ፣ ምን እንዲደረግልዎ ነው የሚፈልጉት?»

«እንዲጠፋ። የትም እንዳይቀር።»

«ማስታወቂያው ብቻ ነው ወይስ ስቱዲዮው እጅ ያለውም ጭምር?»

ሽብሩ ጆሲን አሰበ። ቀብሩ ላይ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ጆሲ ነበር። ደሙ ፈላ።

«ሁሉም! የተቀረጸው በሙሉ። አንድም ቦታ እንዳይቀር!»

ናፍቆት ያለውን ደግማ አነበበችለት። «ርግጠኛ ነዎት?» አለችው። አዎ አለ። ሄዶ ውክልናውን ሰጣት።

ነገሩ ተጎተተ። ድርጅቱ መጀመሪያ ጆሲ ፈቅዷል አለ፤ ናፍቆት ደግሞ ጆሲ በሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ላይ ምን ሥልጣን አለው አለች። ጆሲ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ደጁ ላይ ተንበረከከ። ሽብሩ ለሽማግሌዎቹ ወንበር አወጣ፣ ይቅርታውንም ሰጠ፣ ጆሲን ግን «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ድምጿን አጥፋ» አለው። ጆሲ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ» አለ።

እዚህ ላይ ሽብሩ ለጠበቃዋ ያልነገራት ነገር አለ። ለማንም አልነገረም። ክርክሩ ሲካሄድ መኪናው በየገበያው መዞሩን አላቆመም ነበር፤ ሽብሩም ሥራ የሚይዘው መኪናው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ሆነ። ከሩቅ ሙዚቃው ሲሰማ መዶሻውን ያሳርፋል። «አባዬ» ስትል ከንፈሩ ብቻ «ወዬ ልጄ» ይላል። ከዚያ ራሱን ይረግማል፣ ድርጅቱን ይረግማል፣ ናፍቆት ጋ ደውሎ «ምነው እስካሁን አላስቆምሽልኝም?» ይላታል። እውነቱን ነው። መዶሻውን የሚያሳርፈውም እውነቱን ነው።

ናፍቆት አንድ ቀን ደወለች። «አሸነፍን፣ ጋሽ ሽብሩ! ፍርድ ቤት ሳንደርስ ተስማሙ። ከሁሉም ቦታ ጠፍቷል፣ በጽሑፍ አረጋግጠዋል። ማስታወቂያውን ግን በሌላ ልጅ ድምፅ እንቀዳለን ብለዋል፤ ቃሉን መከልከል አንችልም።»

«ይቅዱ» አለ። «የሷ አይሁን እንጂ።»

ሰፈሩ ደስ አለው። ጋሽ ተሻለ መጥተው መረቁት። ከዚያ ጸጥታው መጣ። አንድ ገበያ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሽብሩ ጣሪያ ላይ ሆኖ መንገዱን ሲያይ ይውል ጀመር። ሦስተኛው ገበያ ሲደርስ ሥራውን ጥሎ ገደብ ሄደ።

«ስልኳን ስጪኝ» አላት ጸሐይን። «መዝሙሯ አለበት። ልስማት።»

ጸሐይ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ መሬት መሬት አየች። «ውስጡ ያለውን አስጠፍቼ ለልጄ ሰጠሁት እኮ፣ ወንድሜ። ያኔውኑ። ሰምተህ እንዳትጎዳ ብዬ።»

አልተቆጣትም። ምን ብሎ ይቆጣታል? አውቶቡስ ተሳፍሮ ዲላ እንደወረደ ጆሲ ስቱዲዮ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ሔርሜላን የሚያውቃትን ልጅ ለመነ። «ጆሲዬ፣ የመዘምራኑ የቀረችህ የለችም? ትንሽ፣ ስትስቅም ብትሆን…»

ጆሲ ማልቀስ ጀመረ። «ጋሼ፣ የተቀረጸው በሙሉ ተባለ እኮ። መዝሙሯንም፣ ሁሉንም አጠፋሁ። እርስዎ አሉ፤ እኔም ሁለተኛ ላሳዝንዎት አልፈለግሁም።»

ከስቱዲዮው ደጃፍ ናፍቆት ጋ ደውሎ «ድርጅቱ ዘንድ እንኳ የቀረ የለም?» አላት። ጥሩ ጠበቃ የታዘዘውን የሚያደርግ ነው፤ እሷም ጥሩ ጠበቃ ነበረች። «ጋሽ ሽብሩ… እርስዎ ኮ ነዎት የትም እንዳይቀር ያሉኝ» አለች፣ ቃሉ እየጎረበጣት። «አዎ ልጄ» አላት። «ያልኩትን ነው ያደረግሽው። ተባረኪ።»

ክረምቱ ሲገባ አሪቻ ውስጥ የአንድ ገበሬ ቤት ጣሪያ ያለብስ ነበር። መኪናው ከታች በመንገዱ መጣ፤ ሙዚቃው ያው ነው። ቀጥሎ አንዲት ሌላ ልጅ «አባዬ፣ እንግዲህ አይዘንብብንም አይደል?» አለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ አሳምራ ነው ያለችው። ሽብሩ አፉ ላይ የደረሰውን «ወዬ» ዋጠው። መኪናው ታጥፎ ከሄደ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ የሔርሜላን ድምፅ በጆሮው ሊያመጣ ሞከረ። ከመሰላሉ ሥር አቆማት፣ የምሳ ዕቃውን አስያዛት፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አደረገው። አፏን ስትከፍት የወጣው የዚያች የሌላዋ ልጅ ድምፅ ነበር።