የሞቀ ጭማቂ ጋዝ አይይዝም

ቂም አትያዝ ብሎ የሚመክር ሰው ሞልቷል። አብዛኛው ግን የሚያስቀይም ነገር ደርሶበት የማያውቅ ነው። ባለጋዙ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቂም ይዞ ኖሯል፤ አንድም ቀን አላፈረበትም። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ያስታውሰዋል፣ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ያስታውሰዋል፤ በመሃል ደግሞ የሰው ማቀዝቀዣ ይጠግናል።

«ባለጋዙ» ብለው ስም ያወጡለት የለስላሳ ፋብሪካ ባልደረቦቹ ናቸው። እዚያ በቆየባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ሽሮፑና ውሃው ተቀላቅለው፣ በማቀዝቀዣው አልፈው ሲመጡ ጋዝ መስጠት። ላየው ሰው ቀላል ነው፤ ቫልቭ መክፈትና መዝጋት። ነገር ግን ጠርሙሱ ሲከፈት ፍሽሽ የሚለው፣ ምላስ የሚቆነጥጠው፣ ልጅ አዋቂውን የሚያስገሳው ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። በፈረቃው ተቀምጦ አያውቅም። ወንበር ተሰጥቶት ነበር፤ ጃኬቱን ይሰቅልበታል።

የበዓል ሰሞን ነበር። የጭነት መኪኖቹ ከፋብሪካው በር እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ረፋድ ላይ የመስመሩ ማቀዝቀዣ ቀጥ አለ። ባለጋዙ ቧንቧውን በመዳፉ ዳሰሰና ሞቆ ሲያገኘው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ ማቀዝቀዣው ቆሟል። ሽሮፑ ሞቋል፤ ጋዝ አይይዝልንም። እስኪጠገን መስመሩን እናቁመው።»

«መኪኖቹን አላየህም? ዓይን የለህም?» አለ ሥራ አስኪያጁ። (አንቱ ልንለው በተገባ፤ ይቅርብን።) «ሙላ ስልህ ሙላ!»

ሞላ። በሳምንቱ ሃያ ሺህ ጠርሙስ ተመልሶ መጣ፤ የተነፈሰ፣ ባለቀለም የስኳር ውሃ። ሥራ አስኪያጁ ለበላይ አካል በላከው ሪፖርት ላይ አንድ መስመር አሰፈረ፤ «የጋዝ ኦፕሬተሩ በሥራ ሰዓት ተኝቶ ስለነበር።» ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ፈረመ፣ በሌላው ላይ ተፈረመበት።

መባረሩን ባለጋዙ ይችለው ነበር። ያልቻለው «ተኝቶ» የምትለዋን ቃል ነው። በመቆም ብዛት የባቱ ደም ሥር እንደ ገመድ የተገመደ ሰው፣ ተኛ ተባለ። ሰፈሩም ስሙን ቀየረለት፤ «የተነፈሰው» አሉት። ሲያልፍ ልጆቹ በአፋቸው ፍሽሽ ያደርጉበታል። ያኔ አሥር ዓመት የሆናት ልጁ ደግሞ ትምህርት ቤት «የተነፈሰው ልጅ» ስትባል፣ ያላትን አንድ ጎረምሳ በቦርሳዋ አፍንጫውን አድምታው፣ የዩኒፎርሟ ኮሌታ ተቀዶ ቤት ገባች። እናቷ ኮሌታውን ስትሰፋ ባለጋዙ መርፌውን ያይ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ማቀዝቀዣ መጠገን እንጀራው ሆነ። ከቀድሞ ሙያውም አንዲት ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር አልተለየችውም፤ ለሠርግና ለምረቃ፣ አልኮል ለማይቀምሱ ሰዎች፣ ጋዝ ያለው የፍራፍሬ መጠጥ ይሠራል። የወይኑን መጠጥ የቀመሰ ሰው «ይሄ እውነት አያሰክርም?» ብሎ ሳይጠይቅ አይሄድም።

አሁን ልጁ ሃያ አራት ሞልቷታል፤ ፋርማሲስት ናት። አንድ ቀን ከሥራ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ የምወደው ልጅ አለ። እሁድ ከአባቱ ጋር ምሳ ይመጣሉ። እናቱ በሕይወት የሉም። አባቱ መጠጥ አይነኩም፤ የወይኑን ሥራልን» አለችው። ስልኳን አውጥታም የአባትና ልጁን ፎቶ አሳየችው። ባለጋዙ መነጽሩን አደረገ። የአባትየው ራሰ በራነት አዲስ ነው፤ አፉ ግን ያው ነው። «ሙላ» ያለውን አፍ መቼም አይስተውም።

«ደስ የሚል ቤተሰብ ነው» አለና ስልኩን መለሰላት።

ለሚስቱ ጓዳ ገብቶ ነገራት። ሚስቱ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች፤ ካልሆነ ይሰበር ነበር።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ልጁማ ምንም።»

«ልጅህ ትወደዋለች። አፍህን ከከፈትክ አባቱ ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ እሷም ዕድሜ ልኳን አትምርህም። በል ማልልኝ፤ ስለ ፋብሪካው ትንፍሽ እንዳትል።»

«ልጄን! ትንፍሽ አልልም።»

ማለ። ግን ያንን ሰው ዘመድ ብሎ፣ በልጁ ሠርግ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የተኛ ሰው ሆኖ መሞት ደግሞ አልዋጥልህ አለው። ሁለት ቀን እህል አልበላም። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ታየውና ሁለት ሳህን ሙሉ በላ። ሚስቱ ነገሩን የተወው መስሏት አመሰገነች።

ቅዳሜ ጥቁር ወይን ገዛ። ዘለላውን አጥቦ ፍሬውን ከግንዱ አንድ በአንድ አላቀቀ፤ ግንድ ከገባበት ይመርራል። በዝግታ እሳት፣ ልጣጩ እስኪሰነጠቅ ብቻ አሞቀው። በንጹህ ጨርቅ ቋጥሮ ሰቀለውና በራሱ ጊዜ ጠብ ጠብ ሲል ተወው፤ የቸኮለና የጨመቀው ይደፈርስበታል። የሁለት ሮማን ጭማቂ፣ የሦስት ሎሚ፣ ለአመል ያህል ስኳር ጨመረ። ለሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ አካፈለና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባ። እሁድ ጠዋት ግን አንደኛውን አውጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ አቆመው።

«ይሄኛው ለምን ወጣ?» አለች ሚስቱ።

«ብርድ እንዳይመታው ነው።»

ቀልዱ አላሳቃትም። ግን ሩዙ ሊያርባት ስለነበር ተመልሳ ገባች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶቹ መጡ። ሳሎኗ ጠባብ ናት፤ ግማሹን የሰው ማቀዝቀዣ ይዞታል፣ በቀረው ሶፋና ጠረጴዛ ተጨናንቀዋል። ልጁ ትሑት ነው፤ አጎንብሶ ሰላም አለ። ባለጋዙ ወደደው፤ መውደዱም አናደደው። ሥራ አስኪያጁ ክራቫት አስሮ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የባለጋዙን እጅ ጨበጠና ትንሽ አፈጠጠበት።

«ፊትዎ አዲስ አልሆነብኝም።»

«ማቀዝቀዣ ጠግኜልዎ ይሆናል።»

«ይሆናል፣ ይሆናል» አለና ተቀመጠ። አላወቀውም! አሥራ አራት ዓመት በጠዋትና በማታ ያሰብከው ሰው፣ አንተን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አስቦህ ያለማወቁን ያህል የሚያቃጥል ነገር የለም። ባለጋዙ ከአንገት በላይ እየሳቀ ዶሮውን አቀረበለት።

ሥራ አስኪያጁ ሆዱ ሲሞላ አፉ ተከፈተ። ስንት ፋብሪካ እንደመራ፣ አራት መቶ ሠራተኛ እንዴት አንቀጥቅጦ እንደገዛ አወራ። «ሠራተኛ ማለት ዘወር ስትል የሚተኛ ፍጡር ነው» አለ። «አንዱማ፣ የጋዝ ሠራተኛ ነው፣ ተኝቶ ሃያ ሺህ ጠርሙስ አስተነፈሰብኝ!»

ልጁ ፈገግ አለ፤ ቤታቸው ውስጥ የቆየ ቀልድ ነው። የባለጋዙ ልጅ ግን ሹካዋ አፏ ሳይደርስ ቀረ። መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥላ እናቷን አየች። እናቷ በጠረጴዛው ሥር የባሏን ጉልበት ጨምድዳ ይዛለች።

«ተኝቶ?» አለ ባለጋዙ፣ እንደ አዲስ ሰሚ።

«ተኝቶ! እያንኮራፋ!»

«አይ የሰው ነገር!» አለና ተነሳ። «መቼም እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት። ወይኑን ሠርቻለሁ፤ ጋዙን በእጅዎ ቢሰጡልን ለቤታችን ክብር ነው።»

ሥራ አስኪያጁን ሁለተኛ መለመን አላስፈለገም። እጅጌውን ሰብስቦ ተነሳ። ባለጋዙ ከመስኮቱ ያነሳውን ጠርሙስ፣ ሆቴል ቤት እንደሚደረገው፣ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ አስያዘው። ሥራ አስኪያጁ «አየሩን እንዲህ ጨምቆ ማስወጣት ነው» እያለ፣ ለልጆቹ እያስተማረ ቱቦ ያለውን የጋዙን ክዳን አጠበቀ፣ ሲሊንደሩን ከፈተ፣ ጠርሙሱን ወዘወዘ። ወዘወዘና በኩራት ክዳኑን ፈታው።

ወይኑ ፏ ብሎ ወጣ። ክራቫቱን፣ ነጩን ሸሚዝ፣ ጠረጴዛውን፣ ሩዙን አዳረሰ። አንድ ጠብታ ራሰ በራው ላይ ቆየና ወደ ቅንድቡ ወረደ። የጠርሙሱ ግማሽ ብቻ ቀረ። የባለጋዙ ልጅ ለራሷ ቀድታ ቀመሰች።

«ተንፍሷል» አለች።

ባለጋዙ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ነካዎት? እንቅልፍ ሸለብ አድርጎዎት ነው?»

«ምን?» ሥራ አስኪያጁ ፎጣውን ወረወረ። ጠርሙሱን ዳሰሰና ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄ እኮ ሞቃት ነው! የኔ ጥፋት አይደለም! የሞቀ ፈሳሽ ጋዝ አይይዝም፤ ይሄን አንደኛ ክፍል ያልገባ ሕፃን ያውቀዋል። የሞቀ ሰጥቶ ሙላ የሚል ሰው፣ ጥፋተኛው እሱ ነው!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱም ደርሰውበት ነበር።

ባለጋዙ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ሙላ አልከኝ?»

አንቱታው ቀረ። መቅረቱን ሁሉም ሰማ። ሥራ አስኪያጁ ወይን በሚወርድበት ቅንድቡ ሥር የባለጋዙን ፊት አሁን ገና ለየው፤ በሐሳቡ ጥቁር ጺም ጨመረበት፣ ቱታ አለበሰው፣ ደረጃ እየዘለለ ቢሮ ሲገባ አየው። የነበረበት ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ማልክልኝ አይደል?» አለች ሚስቱ።

«እኔ መቼ ተነፈስኩ? ራሱ ነው የተነፈሰው።»

ልጁ ፈገግታው ከፊቱ ጠፍቷል። «አባዬ… ያ የተኛው ሰውዬ…?» ብሎ ወደ ባለጋዙ ዞረ፤ አልጨረሰውም።

«ጊዜው ከባድ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ለማንም ሳይሆን። «ከላይ ይጠይቁኝ ነበር። መኪኖቹ…»

«ስለ መኪና አልጠየቅኩህም። ተኝቼ ነበር?»

አንዱ የሰው ማቀዝቀዣ እያጓራ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አየ፣ ልጁን አየ። ልጁም መልሱን እየጠበቀ ነበር፤ ከዚያ ዓይን ማምለጫ አልነበረውም።

«አልተኙም ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጄ አልሰማችም።»

«አልተኙም ነበር! መስመሩ ይቁም ብለውኝ ነበር፤ ሙላ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የባለጋዙ አንጀት ቅቤ ጠጣ። በቀል ባዶ ነው፣ ሲያገኙት ይቀላል የሚሉት ውሸት ነው። ሙሉ ነው፤ ከጉሮሮው እስከ ጣቱ ጫፍ ሞላው። ደስታው እንባ ሊሆንበት ሲል አፈረና ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሊያመጣ ብድግ አለ። አሁን እንግዳ ማስተናገድ ይቻላል ብሎ ነው።

«ቁጭ በል አባዬ» አለች ልጁ።

ድምጿ ሌላ ነው። ባለጋዙ ቁጭ አለ።

«የምወደውን ሰው ያመጣሁበትን ቀን ወጥመድ አደረግከው። ለኔ መንገር ነበረብህ፤ እኔ ነኝ ኮሌታዬ የተቀደደብኝ። ከአንተ ጋር ያለኝን ነገ እናወራዋለን።» ወደ ልጁም ዞረች። «አንተም ስቀሃል።»

«አላወቅኩም ነበር» አለ ልጁ።

«አሁን አወቅክ።»

ከዚያ ጠርሙሱን አነሳች። የተረፈውን፣ ያንን የሞቀ፣ የተነፈሰ፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ጭማቂ ትልቁ ብርጭቆ ውስጥ እስከ አፉ ሞላችው። በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚገባው አድርጋ ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ይሄን ይጨርሱልኝ። ከዚያ ስለ ሠርጉ እናወራለን።»

ሥራ አስኪያጁ ልጁን አየ። ልጁ ብርጭቆውን አየ። ባለጋዙና ሚስቱም ልጃቸውን ያዩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አነሳና መጠጣት ጀመረ።