መጀመሪያ አፍንጫህ ይግዛ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሞጣ ገበያ ቅመም ሲሸጡ የተፈጨ ቀረፋ ሱቃቸው ገብቶ አያውቅም። ገዢ ሲመጣ አንዱን ቅርፊት ፊት ለፊቱ ቀጭ አድርገው ይሰብሩና «መጀመሪያ አፍንጫህ ይግዛ» ይሉ ነበር።

እኔ ቢቸና ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ያ ሽታ ሲናማልዲሃይድ የሚባል፣ ቅርፊቱ ውስጥ ያለ ቢጫ ዘይት መሆኑን፣ ተፈጭቶ ለአየር ሲጋለጥም እየተነነና እየተበላሸ እንደሚሄድ ነገርኋቸው። «ታዲያ እኔስ ምን አልኩ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ለቅሶው ሳይበርድ ልጃቸው ሱቁን በታሸገ የቀረፋ ዱቄት ሞላው፤ ሽታው ከጠርሙስ የተጨመረበት ነው። ስቆጣው ሳያፍር «ያው ሲናማልዲሃይድ አይደል? ያስተማርሽን አንቺው ነሽ» ብሎ ሳቀብኝ። አዎ፣ ያው ነው። እስካሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የአባቱን ሥራ በእኔው ትምህርት ከንቱ አደረገው።

ያን ጊዜ የአጎቴ የጥንት ደንበኛ የሆኑ አንዲት እናት ገቡ። እንደ ልማዳቸው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን አስጠጉና ጠበቁ። ልጁ እሽጉን ዘረጋላቸው።

እሳቸው ግን እንዳጎነበሱ ቀሩ።