ሳልከራከር የገዛሁት አቡጀዲ

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ቡታጅራ ውስጥ፣ በገበያ ቀን ነው። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ዘመን አፌን ይዤ ቆይቼ ዛሬ ልጽፈው የተነሳሁት ልጄ ሰላማዊት ባለፈው ወር ወልቂጤ ውስጥ ባደረገችው ነገር ነው።

ለቤት የሚሆን ነገር ልንገዛ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብተን ነበር። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው የዘይት ዋጋ ሌላ፣ ሂሳብ ተቀባይዋ የጠየቀችን ሌላ ሆነ። እኔ እንደ ልማዴ ከፍዬ ልወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ልጄ ግን "አባዬ፣ ቆይ" ብላ ሄደችና የተለጠፈውን ወረቀት ነቅላ ይዛ መጣች። ባለቤቱ ተጠራ። ይቅርታ ጠየቀን፣ በተለጠፈው ዋጋ ከፈልን፣ ወጣን። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ውጭ ስንደርስ እንባዬ መጣ። ልጄ "ለዘይት ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ለዘይት አልነበረም።

አባቴ ታሞ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ሳምንት ያህል ተኝቶ ነበር። የምናስታምመው እኔና አጎቴ ነን። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ መርካቶ የሚነግድ፣ ቆፍጣና፣ የማያውቀው ነገር ያለ የማይመስለው ሰው። ያን ቀን ጎህ ሲቀድ አባቴ አረፈ። አጎቴ ዓይኑን ከደነለትና ወደ ውጭ ጠራኝ። እንዳለቅስ እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

"ስማ" አለኝ። "አክስትህ ዛሬ ገበያ ትውላለች። ልቧ ደካማ እንደሆነ ታውቃለህ። ሰው መሀል እንዲህ ያለ ነገር ከሰማች እዚያው ትቀራለች። ሽማግሌዎች ቤቷ ወስደው ያረዷታል። እስከዚያ ለማንም እንዳትተነፍስ።"

ከዚያ አምስት ብር ቆጥሮ ሰጠኝ። ለመግነዝ ስምንት ሜትር አቡጀዲ፣ በሚተርፈው ደግሞ ጧፍ እንድገዛ አዘዘኝ።

"መቼም መከራከር እንደሌለ ታውቃለህ" አለ።

ይህን ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ቤተሰብ፣ በሰፈራችንም፣ የመግነዝ ጨርቅ ሲገዛ ዋጋ አይከራከሩም። ባለሱቁ የጠራውን ከፍለህ ትወጣለህ። ለሙት ሳንቲም ቆጠረ መባል ነውር ነበር። ባለሱቆቹም ይህን ስለሚያውቁ፣ ለመግነዝ ነው ካልካቸው የሚነግሩህ የመጨረሻውን ቅናሽ ዋጋ ነው፤ አንዳንዱ "እግዜር ያጥናህ" ብሎ ክንድ ያህል ጨምሮ ይቆርጥልሃል። በሌላ ጊዜ ግን ዋጋ የሚባል ነገር የለም። የተለጠፈ ወረቀት የለ፣ ደረሰኝ የለ። እሱ እጥፉን ይጠራል፣ አንተ ግማሹን ትጠራለህ፣ ትተህ ትሄዳለህ፣ ይጠራሃል፣ ትመለሳለህ። ሁሉም በዚያ መንገድ ይገዛል።

አቡጀዲ የሚሸጠው ሱቅ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነበር። የባለሱቁን ስም አልጽፍም፤ ልጆቹ እዚያው አሉ፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ልደርስ ስል ቀና ብዬ አየሁ። አክስቴ ወለቴ ከሱቁ በር አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ቅቤዋን በኮባ ዘርግታ ተቀምጣለች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አባቴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩና በጀርባዋ በኩል ዞሬ ገባሁ።

ሌላ ሱቅ አትሄድም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አንድ ሱቅ ብቻ ያለ ነበር የመሰለኝ።

"አቡጀዲው ስንት ነው?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ሜትሩ አንድ ብር" አለ ጮክ ብሎ።

ዝም አልኩ። ግማሹን እስክጠራ ጠበቀኝ፤ እኔም የምለው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

"ለምን ሊሆንህ ነው?"

አክስቴ ጆሮዋን ብትጥል ትሰማኛለች። "ለፍራሽ" አልኩ።

"ስንት ሜትር ልቁረጥልህ?"

እጄ ላይ ያለው አምስት ብር ነው። ለመግነዝ ነው ብል አክስቴን እገድላለሁ። ልከራከር ብል በአባቴ መግነዝ ልከራከር ነው። አባቴ ገና አልቀዘቀዘም። "አምስት" አልኩ። ባለሱቁ መለኪያ እንጨቱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ለካ፣ ቀደደ፣ አጥፎ ሰጠኝና ብሩን ተቀበለ። ጧፍ ሳልገዛ ወጣሁ።

አስከሬኑን በቃሬዛ ተሸክመን የሁለት ሰዓት መንገድ ወደ ቤት ወሰድነው። አክስቴንም ሽማግሌዎቹ "ወንድምሽ ብሶበታል" ብለው ከገበያ አምጥተዋት ቤቷ ደጃፍ ላይ አረዷት። ልቧ ቻለው። እንዴት እንደጮኸች አልጽፍም።

አባቴ ረጅም ሰው ነበር፤ የራሱን ቤት በር እንኳ ጎንበስ ሳይል አይገባም። ገናዦቹ ሁለት ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ወጣና አጎቴን በጆሮው አናገረው። አጎቴ ወደ እኔ መጥቶ "የቀረውን ጨርቅ አምጣ" አለኝ። የቀረ ጨርቅ አልነበረም። አቡጀዲው ከአባቴ ጉልበት ትንሽ ወረድ ብሎ አልቋል።

እናቴ ይህን ሰማች። ከትከሻዋ ላይ ያረጀ ነጠላዋን ገፈፈችና ለገናዡ ሰጠችው። የአባቴ እግር በእሱ ተጠቅልሎ ተቀበረ። የነጠላው አረንጓዴ ጥለት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ከቀብር ስንመለስ አጎቴ ከጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ወሰደኝ።

"ስንት ሜትር ገዛህ?"

"አምስት።"

"በስንት?"

"በአምስት ብር።"

"አቡጀዲ በሽልንግ ነው" አለኝ። ሽልንግ የምንለው ያኔ ሃምሳ ሳንቲም ነው። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ከአባትህ መግነዝ ላይ ሰረቅህ።"

ማልኩ። በአባቴ አጥንት ማልኩ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

እስከ ሣልስት ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች እናቴን ያጽናኑና እኔ አጠገብ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ያመመኝ ግን የለም። እናቴ እንኳ አንድ ቀን "እውነቱን ለእኔ ብቻ ንገረኝ፣ አልቆጣም" አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ማመኗንና አለማመኗን ሳላውቅ ቀረሁ።

አክስቴ ይህን ሁሉ የሰማችው በሣልስቱ ቀን ነው። አጎቴ ለአንድ ዘመድ ሲያወራ ከጥግ ተቀምጣ ሰማችው።  ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

"ከየትኛው ሱቅ ነው የገዛኸው?"

"ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው።"

"ምን ለብሰህ ነበር?"

"ጋቢ። እስከ ዓይኔ ተከናንቤ።"

 ነጠላዋን አጣፋችና "በሚመጣው ገበያ ሁላችንም እንሄዳለን" አለች።

ሄድን፤ አጎቴ፣ አክስቴና እኔ። ባለሱቁ አክስቴን ጥቁር ለብሳ ሲያያት ተነስቶ እጅ ነሳት። ለዓመታት በሩ ላይ ስትሸጥ ያውቃታል። አጎቴ ሦስት ሜትር እንዳነሰን ነግሮ፣ በስንት እንደሸጠልኝ ጠየቀው። እሱም ሳያፍር መለሰ።

"በሽልንግ ነው የሸጥኩለት። ሁለት ብር ከሽልንግ መልሼለታለሁ።"

አጎቴ እኔን አየኝ። ያን ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሚመሰክርልኝ ወረቀት የለኝ፣ ሰው የለኝ።

"አንድ ብር ብለኸዋል" አለች አክስቴ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ጮክ ብለህ ነው ያልከው። ሰምቻለሁ።"

ባለሱቁ ፊቱ ተለዋወጠ። "እንግዲህ ብዬ ይሆናል" አለ። "እኔ እጠራለሁ፣ ገዢ ይከራከራል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ለፍራሽ ነው አለኝ። አልከራከርም ካለ ምን ላድርገው?"

"ለፍራሽ የሚገዛ ሰው ሳይከራከር ሲከፍል አይተህ ታውቃለህ?"

ባለሱቁ መለኪያ እንጨቱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

"እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቅቤዬ ላይ ተቀምጬ ያወቅኩትን አንተ ፊት ለፊቱ ቆመህ አላወቅክም?" አለችው።

"ምኑን ነው ያወቅሽው?" አለ አጎቴ።

አክስቴ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ መለሰችልኝ። "አንድ ብር ተባለና ዝም ሲባል ሰማሁ። ይሄ ሰው ሞቶበታል አልኩ። ዞር ብዬ ጋቢህን ከኋላ አየሁት። የማን ልጅ ይሆን፣ እግዜር ያጥናው ብዬ ወደ ቅቤዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ጥሩ ገበያ ነበር። ስስቅ ነው የዋልኩት።"

ከዚያ በኋላ ቆማ መቆየት ስላቃታት ደረጃው ላይ አስቀመጥናት።

ባለሱቁ ጥቅሉን አውርዶ ሦስት ሜትር ያህል ቆረጠና አጥፎ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ይህኛውን ሳይለካ ነው የቆረጠው። ከዚያም "እግዜር ያጥናችሁ" አለ። ከስምንት ቀን በፊት ሊለኝ የሚገባውን ማለቱ ነው። ጨርቁን ማንም አላነሳውም። የተቀበረ ሰው እግር አይሸፈንበት፣ ምን እናደርገዋለን?

አጎቴ አቤት ለማለት ወደ አንድ ቢሮ ወስዶኝ ነበር። እዚያ ያገኘነው ጸሐፊ ሰምቶን ሲያበቃ "ዋጋው የት ተጽፏል?" አለን። የትም አልተጻፈም። "ያልተጻፈ ዋጋ ይህን ያህል ያንሳል፣ ይህን ያህል ይበዛል ብሎ ማን ይፈርዳል?" አለን። ለክፋት አልመሰለኝም፤ እሱም ቢሆን ሸሚዙን ተከራክሮ ነው የገዛው።

አጎቴ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ አዲስ ጫማ ላከልኝ። በድያለሁ ማለት ግን እስኪሞት አልሆነለትም። ወሬውም እንዲህ በቀላሉ አልሞተም። አክስቴ በየቤቱ እየዞረች እውነቱን ብትናገርም፣ መጀመሪያ የተወራውን የሰማ ሁሉ ሁለተኛውን አልሰማም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሽማግሌ የላክንበት ቤት "ከአባቱ መግነዝ ለቀነሰ ልጅ አንሰጥም" ብሎ መለሰን። ልጅቷን እወዳት ነበር። ወደ ወልቂጤ የመጣሁትም በዚያ ሰበብ ነው።

አክስቴ ቅቤ መሸጥ አልተወችም፤ ከዚያ ሱቅ በር ላይ ግን ዳግመኛ አልተቀመጠችም። አንዳንድ ቀን ሳገኛት እጄን ይዛ "ያን ቀን ስምህን ብጠራህስ?" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ እሷን እንዳልገድል ብዬ ዝም ማለቴን ደጋግሜ እነግራታለሁ። ሁለታችንም አንጽናናም።

አሁን ሳስበው በባለሱቁ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም። ሞቷል፤ ቢሆንም አልበረደም። የወሰደብኝ ከሦስት ሜትር አቡጀዲ በላይ ነው። ከእሱ የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ያ በጋቢ የተከናነበ ወጣት ነው። ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ በጆሮው ሁለት ቃል ቢያንሾካሹክ ምን ነበረበት? ልጄ በዘይት ዋጋ እንደዚያ በግልጽ ስትከራከር ሳይ የቀናሁባት ለዚህ ነው። አልነገርኳትም። ይህን ስታነብ ታውቀዋለች።

እናቴ ያረፈችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። አቡጀዲ ልገዛ ራሴ ሄድኩ። ሰው ላክ አሉኝ፣ እንቢ አልኩ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ፣ መንገደኛ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ "ለእናቴ መግነዝ ነው" አልኩ። ወጣቱ ባለሱቅ ደንግጦ ዋጋውን ነገረኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ሲለካ ግን ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልኩም።

አሥራ ስድስት ሜትር ነበር የገዛሁት። እናቴ ደግሞ አጭር ሴት ነበረች። የሚገንዟት ሴቶች ጨርቁን ዘርግተው ሲያዩ ግራ ገባቸው፤ ትርፉን ቆርጠን እናስቀር ወይ ብለው ላኩብኝ።

አይቆረጥ፣ የተረፈውን ሁሉ እግሯ ላይ ደራርቡት አልኳቸው።