የኪሮስ እግር ልክ

ይህ ጉዳይ የነካቸው ሰዎች አምስት ናቸው። አንደኛው ኪሮስ ነው፤ ከሰሃላ መጥቶ ሰቆጣ እኛ ቤት እያደረ ስድስተኛ ክፍል አብሮኝ ይማር የነበረ ልጅ። ሁለተኛዋ እናቴ ደስታ ናት፤ ሰፌድና ሌማት እየሰፋች ሸጣ ያሳደገችኝ። ሦስተኛው መምህር ይርጋ ናቸው፤ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የስፖርት አስተማሪያችን። አራተኛው ጋሽ ሞላ ናቸው፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ጫማ የሚጠግኑ ሰው። አምስተኛው እኔ አያሌው ነኝ። ራሴን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት በትሕትና አይደለም። ያኔም ነገሩ ሲነሳ ከሰው ኋላ ነበር የምቆመው።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ልጄ ጫማ ልገዛ ተነሳሁ። ከመውጣታችን በፊት ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩትና ከእግሩ ሥር ስንደዶ፣ የሰፌድ መስፊያውን ሣር፣ ዘርግቼ ለካሁት። «አባዬ፣ ሱቅ ሄጄ አጠልቀው የለም እንዴ? ቁጥሩም ከሥሩ ተጽፏል» አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬ ሰቆጣ ላይ ጫማ በየሱቁ ደጃፍ እንደ በቆሎ ተንጠልጥሏል፤ የሚያስፈልገው እግር ይዞ መሄድ ብቻ ነው። እኔ ግን ሳልለካ መውጣት አልሆነልኝም። ለምን እንደሆነም አልነገርኩትም። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን እንዲያነበው ነው።

ልጅ እያለሁ ጫማ የሰው መታወቂያ ነበር። የአብዛኛው ልጅ ኮንጎ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው የጎማ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል፣ ስናወልቀው እግራችን ላይ የቀዳዳዎቹን ቅርጽ በአቧራ ትቶ ይወጣል። እኔ እናቴ የገዛችልኝ ሸራ ጫማ ነበረኝ። ኪሮስ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነበረው። ኳስ ሲጫወት ያወልቅና አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ አስቀምጦ ግብ ይሠራባቸዋል። ከዚያ የሚያቆመው አልነበረም። የጨርቅ ኳሷ እግሩ ላይ ስትደርስ የተሰፋች ትመስል ነበር። ግብ ሲያገባ በኽምጣኛ አንድ ነገር እየጮኸ ይሮጣል፤ ትርጉሙን ስንጠይቀው «ለእናንተ አይሆንም» ብሎ ይስቃል።

የእሱ ተጠባባቂ እኔ ነበርኩ። እሱ ካልታመመ በቀር እኔ ሜዳ አልገባም። እሱ ደግሞ አይታመምም። ቤት ስንገባም ያው ነው። ማልዶ ተነስቶ ለእናቴ ውኃ ይቀዳል፣ የቤት ሥራውን በጊዜ ይሠራል። እናቴ ቀን በቀን «እንደ ኪሮስ ሁን» ትለኝ ነበር። ክፉ አስባ አልነበረም። ወላጆች ሆይ፣ አንዱን ልጅ በሌላው ልጅ አትምከሩ። ምክሩ ይቀርና ቂሙ ይቀመጣል።

በዚያ ዓመት ከአምደወርቅ ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ እንዳለን ተነገረን። ለዞኑ ቡድን ልጆች የሚመርጡ ሰዎች እንደሚመጡም ሰማን፤ የተመረጠ ባሕር ዳር ሄዶ ይወዳደራል። ኪሮስ ከሰሃላና ከሰቆጣ ሌላ አገር አይቶ አያውቅም። ያን ማታ «ሐይቅ ማለት ከአባይ ማዶ ያለው ነው ወይስ ራሱ አባይ ነው?» እያለ አላስተኛ አለኝ። በማግስቱ መምህር ይርጋ ሌላ ዜና ይዘው መጡ። ባዶ እግሩን የሚጫወት አይሰለፍም ተብሏል።

አሥራ አራት ነበርን። ለኪሮስ አንድ ታኬታ፣ ማለት ከሥሩ ጥርስ ያለው የኳስ ጫማ፣ አዋጥተን ልንገዛ ተስማማን። በነፍስ ወከፍ ሦስት ብር። አንዱ ለግንበኛ ድንጋይ ተሸክሞ ብሩን አመጣ፣ አንዱ ዶሮ ሸጠ። ኪሮስ ከስንቁ ዱቄት ሸጦ የራሱን ድርሻ ከፈለ፤ በዚያ ሳምንት በቀን አንዴ ብቻ ሲበላ አይቼዋለሁ። አርባ ሁለት ብር ሞላ። በአርባ ሁለት ብር አዲስ ታኬታ አይታሰብም፤ ሰልባጅ ነው። መምህር ይርጋ ለጉዳያቸው በቆረም አድርገው ወልድያ ስለሚወርዱ ፈልገው ሊገዙልን ቃል ገቡ። ኪሮስን ይዞ መውረድ ግን የመሳፈሪያ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚሄደው እግሩ ሳይሆን የእግሩ ልክ ሆነ።

ልክ አወሳሰዱን ያስተማሩን ጋሽ ሞላ ናቸው። መስፊያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው እንዲህ አሉ፦ «አቁማችሁ ለኩት፤ የተቀመጠ እግር ይዋሻል። ወደ ማታ ለኩት፤ የጠዋት እግር ትንሽ ነው። ሁለቱንም ለኩና ትልቁን ያዙ። ከአውራ ጣቱ ፊት የጥፍር ያህል ጨምሩ፤ ጣት መተንፈሻ ይፈልጋል። ደግሞ በገንዘባችሁ አነስ ያለ ቆንጆና ተለቅ ያለ አስቀያሚ ካገኛችሁ አስቀያሚውን ግዙ። ሰፊ ጫማ ጨርቅ ይጎርሳል፤ ጠባብ ጫማ ግን ሥጋ ነው የሚጎርሰው።»

መምህር ይርጋ የመለካቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ጽሑፌ ስለሚያምር ጥንቁቅ መስያቸዋለሁ፣ እናቴም ስንደዶ አላት። ማታ ኪሮስን አቁሜ ለካሁት። ጥፍር ያህሏን ጨምሬ ስንደዶውን ሰበርኩ። እስከዚህ ድረስ ታማኝ ነበርኩ። ወደ መምህሩ ቤት ስሄድ ግን አጥር ጥግ ተቀመጥኩና ሸራዬን አውልቄ ስንደዶውን የራሴ እግር ላይ አደረግሁት። ረዘመብኝ። ለኪሮስ ባይገባለት ጫማው የማን ይሆናል? የተጠባባቂው። ጥፍር ያህሏን፣ ከዚያም ትንሽ ጨምሬ፣ ቀነጠስኩ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ቅንጣሿን ወርውሬ መለኪያውን ለመምህሩ አስረከብኩ። «ጎበዝ» አሉኝ።

ልጅነት ለጥፋት ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የማደርገውን አውቅ ነበር።

መምህር ይርጋ የተመለሱት ግጥሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ጫማው ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ የአሮጌ ቆዳና የቀለም ሽታ ያለው ነበር። ጋሽ ሞላ ዘንድ ተሰበሰብን። ኪሮስ እግሩን ታጥቦ መጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አስገባ። ገፋ። ተነስቶ ረገጠው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ተረከዙም ገባ።

«ሙሽራም እንዲህ አልተጫማ!» አለ አንዱ።

«ሰሃላ ስትገባ ፍየሎቹ ይደነግጣሉ!» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቀ።

«እንዴት ነው?» አሉ መምህር ይርጋ።

«ልክ ነው መምህር።»

ጋሽ ሞላ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው የጫማውን ጫፍ ጫኑ። «ልጄ፣ ጣቶችህ ታጥፈዋል።»

«የለም ጋሼ፣ ቆዳ ነው፤ ይሰፋል።»

«እንዲሰፋ በእንጨት ፎርማ ተወጥሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ማደር አለበት። ይርጋ፣ ይህ ለሌላ እግር ነው። የዚህን ልጅ እግር እኔ እንዳቅሜ በአሮጌ ሸራ ላሰናዳው እችላለሁ።»

መምህሩ ዞር ብለው አዩኝ። «አያሌው፣ አንተ እስቲ ሞክረው።»

የተመኘሁት ሰዓት ያ ነበር። ኪሮስም ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። እኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጫማው እግሬ ላይ እንደ ጓንት ልክክ ይላል፣ ያኔ ሁሉም ይገባቸዋል። «ለእኔ አይሆንም መምህር፣ አውቀዋለሁ» አልኩ። አንዴ እንኳ ሳልሞክረው። ጋሽ ሞላ መስፊያቸውን አነሱ። ጫማው ኪሮስ እግር ላይ ቀረ።

ኪሮስ ግጥሚያው በተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ግብ አገባ። ሲያገባ አልጮኸም፤ በኽምጣኛም በአማርኛም። ከእረፍት በኋላ ማንከስ ጀመረ፤ መራጮቹ ስሙን ጽፈው ከነበረ ሰርዘውታል። የተመረጠው የአምደወርቅ ልጅ ነው። ጫማውን ያወለቅንለት ሁለት ሆነን ጎትተን ነበር። ካልሲው ከትንሿ ጣቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። እናቴ በጨው ውኃ አጠበችለትና «ትንሽ ቀን ተቀመጥ» አለችው። ስንቁ ግን አልቆ ነበር፤ እኛን መጫን አፍሮ ቅዳሜ ማልዶ በበረባሶው፣ ታኬታውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ወደ ሰሃላ ተነሳ። መንገዱ ሁለት ቀን ነው።

አልተመለሰም። ከወር በኋላ አባቱ መጡ። ቁስሉ አመርቅዞ፣ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወስደውት የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣትና ቀጣይዋ መቆረጣቸውን በቆሙበት ነገሩን። «እንግዲህ ሁለት ቀን የሚሄድበት እግር የለውም፤ ትምህርቱም ቀረ» አሉ። ደብተሩንና ጋቢውን ሰበሰቡ። ልጃቸውን ስላሳደረች ለእናቴ አንድ ቅል ማር አመጡላት። ጫማውንም አጥበው፣ ክሩን አስረው መለሱ፤ «የሕዝብ ገንዘብ ነው» ብለው።

መምህር ይርጋ ጫማውን ለእኔ ሰጡኝ። እናቴ ፊት አጠለቅሁት። ልክክ አለ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስንደዶ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። እግሬን አየችው፣ ከዚያ ፊቴን አየችው፣ ከዚያ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ «እንደ ኪሮስ ሁን» ብላኝ አታውቅም። ያን ጫማ አድርጌ አንድ ቀንም አልተጫወትኩም።

ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አናጢ ሆንኩ፤ ቀሪውን ብቻዬን እያነበብኩ ተማርኩ። እንጨት ስለካ ሁለቴ እለካለሁ፤ ሠራተኞቼ ያሾፉብኛል።

ያቻምና በገበያ ቀን ማር ከሚሸጡት መሃል ኪሮስን አገኘሁት። ቀድሞ ያወቀኝ እሱ ነው። «አያሌው! ምነው ከሳህ፣ እንጨቱ ነው አንተን የሚልግህ?» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት። የማሩን ጣሳ ከዝንብ ከደነ።

«ምን ያህል ነው የቀነጠስከው?»

በጣቴ አሳየሁት።

«ይህችን?»

«ይህችን።»

«እሷስ የልጅ ነገር ናት» አለ። «እኔም እኮ ልክ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። አሥራ አራት ሰው ያዋጣበትን ጫማ ጠበበኝ ማለት አሳፈረኝ። ግን ሞክረው ሲሉህ ለምን አላጠለቅኸውም? ወስደኸው ቢሆን ተገላገልኩ እል ነበር። እየጸለይኩ ነበር እኮ የማይህ።»

ከእሱ ማር ገዛሁ። ከዋጋው አልቀነሰልኝም፣ አልጨመረብኝምም። ሲነሳ በግራ እግሩ ላይ ዘንበል ብሎ ነው የሄደ።

ልጄ፣ ዛሬ ጫማ ቁጥር አለው፤ የማንንም እግር በማንም ስንደዶ መላክ የለም። የእኛ ዘመን ግን ሰው በሰው እጅ ነበር የሚለካ። ሒሳቡ ይኸውልህ። ጫማው በአርባ ሁለት ብር ተገዛ። ኪሮስ ሁለት ጣቱንና ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ትምህርቱን ከፈለ። መምህር ይርጋ «የገዛሁት እኔ ነኝ» እያሉ በዓመቱ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ የኳስ ቡድን አልነበረንም። ጋሽ ሞላ «በግድ ማስወለቅ ነበረብኝ» እንዳሉ አረፉ። እናቴ በልጇ ላይ የነበራትን እምነት ከፈለች። ከእኔ የወጣው ሦስት ብር ነው። እሱንም የሰጠችኝ እናቴ ናት።