እትዬን ያስተኛት አልጋ

ታላቅ እህቴ እንቅልፍ ካጣች ወራት አልፈው ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳልርቅ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ ክፍል አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። እሷ ከባሏ ጋር ዲቲኮን ትኖራለች፣ ከዙሪክ በባቡር ጥቂት ወጣ ብሎ። በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ስታነሳ፣ ስትዘረጋና ስታጥፍ ትውላለች። ስልክ ስንደዋወል፣ «አንቺ ታነጥፊያለሽ፣ እኔ አጥፋለሁ፤ ይሄ ሁሉ ስዊስ የሚተኛው በእኛ ወገብ ነው» እያለች ታስቀኝ ነበር።

በዚያው በወገቧ መጣባት። መጀመሪያ «ሥራው ነው» አለች። ቀጥላ «ብርዱ ነው» አለች። ቀን እንደ ምንም ብላ ትሠራና ጋደም ስትል ሕመሙ ይነሣባታል፤ ተቀምጣ ታነጋለች። የሰፈሯ ሐኪም የጡንቻ ነው ብሎ ቅባትና ማስታገሻ ሰጣት። ማስታገሻው ጨጓራዋን አቃጠለው እንጂ ወገቧን አልነካውም። እናታችን ደሴ ከተማ ውስጥ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «እትዬ» ነው የምላት፤ ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ተኝታ አስታምሜያት ስለማላውቅ፣ «አመመኝ» ስትለኝ ምን እንደምመልስላት ይጠፋኝ ነበር።

አንድ ቀን ደወለች።

«ተኛሁ!» አለችኝ ገና ሰላም ሳንባባል። «ወላሂ ተኛሁ! እንደ ሕፃን!»

«ምን ወስደሽ?»

«ምንም። ድምፅ።»

ሥራ ቦታ አብራት የምታጥፍ ጣሊያናዊት፣ ዙሪክ ከተማ ውስጥ ወዳሉ አንዲት ሴት ወስዳታለች። ሴትየዋ ዘንድ አንድ አልጋ አለ፤ ከፍራሹ ሥር ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተገጥመውበታል። በሽተኛው ይጋደማል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ከሙዚቃው ሥር ደግሞ ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ይለቀቃል።

«ጆሮሽ እምብዛም አይሰማውም» አለችኝ። «አጥንትሽ ነው የሚሰማው። ከእግርሽ ይገባና በወገብሽ አልፎ ደረትሽ ላይ ይደርሳል። የታሰረውን ሁሉ እየፈታ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ አላውቅም፤ ሲቀሰቅሱኝ ነው የምነቃው።»

ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ አልሐምዱ ሊላህ አልኩ።

በየሳምንቱ መሄድ ጀመረች። እንቅልፏ ተመለሰ፤ ቤቷም ስትገባ ትተኛለች። ነገር ግን በስልክ የምሰማው ድምፅ የእትዬ መሆኑ እየቀረ መጣ። ትንፋሿ ያጥራል። የጀመረችውን ወሬ ትተወዋለች። «ወገብሽስ?» ስላት «የለም፣ ሄዷል» ትላለች፣ ስለ ሌላ ሰው ወገብ እንደሚያወራ ሰው።

ቀጥሎ የደወለልኝ ባሏ ነው። ቁጥብ ሰው ነው፤ ያለ ጉዳይ አይደውልም።

«ነይና እያት» አለኝ። «ላብ ያጠምቃታል። አንሶላው ይጨመቃል ስልሽ! እሷ ግን አትነቃም። ምግብም እየቀነሰች ነው። ስነግራት ትቆጣኛለች።»

በመጀመሪያው የእረፍት ቀኔ ባቡር ተሳፈርኩ። ኅዳር ነበር። ከሐይቁ ጀምሮ መንገዱን በሙሉ ጉም ሸፍኖታል፤ በመስኮት ስመለከት ከራሴ ፊት በቀር የሚታይ የለም። ዙሪክ ወርጄ በከተማው ባቡር ዲቲኮን ስደርስ፣ እትዬ መድረኩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ካፖርቷ ያው ነው፤ ውስጡ ያለችው ሰው ግን ግማሽ ሆናለች። ስታቅፈኝ የጀርባዋ አጥንት በካፖርቱ ላይ እጄን ቆረቆረኝ።

«ከስተሻል፣ እትዬ።»

«ስዊሶች ለዚህ ብለው ነው የሚሮጡት» ብላ ሳቀች። ደረጃውን ስንወርድ ግን የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጇ ያዘች። «እግሬ አንዳንዴ ይደነዝዛል፤ ቀኑን ሙሉ መቆሙ ነው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ስለነበራት አብሬያት ዙሪክ ሄድኩ። የሴትየዋ ቤት ጸጥ ባለ መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ፎቅ ነው። በሩን የከፈቱልን ሸበቶ፣ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። እኔ ጀርመንኛ አልችልም፤ የእትዬም ጀርመንኛ ከማጠቢያ ቤቱ ብዙም አይርቅም። ሴትየዋ ፈረንሳይኛ እንደምናገር ሲያውቁ ፊታቸው በራ።

«በመጨረሻ የምንነጋገርበት ሰው መጣ» አሉኝ።

እትዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ቤቷ እንደገባች ሰው ማንንም ሳትጠይቅ አልጋው ላይ ወጣች። ሴትየዋ ነጭ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ አለበሷት፣ መጋረጃውን ዘጉና መሣሪያውን ከፈቱ። ሙዚቃው ስስ ነበር። ከሥሩ ያለውን ድምፅ መጀመሪያ አልሰማሁትም፤ የተቀመጥኩበት ወንበር እግር ውስጥ ገብቶ ጭኔ ላይ ሲደርስ ነው ያወቅሁት። ሩቅ ያለ ከባድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ውኃ ፊቱ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ ወዲያው ተኛች። አተኛኘቷ አላማረኝም። ፊቷ ላይ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም፤ ከንፈሯ ደርቆ ተከፍቷል። ብርድ ልብሱን ሳየው ከፈን ትዝ አለኝና አስታግፊሩላህ አልኩ። ተነሥቼ አፍንጫዋ ሥር እጄን አደረግሁ። ትተነፍሳለች። ግን ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር፤ ክፍሉ ደግሞ ብርድ ነው።

ሴትየዋም ቆመው ያዩዋታል። ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ።

«እህትዎ ያሳስቡኛል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህ አልጋ ያዝናናል፣ ሕመም ያቀላል፤ በሽታ አያድንም። ሰውነቱ ውስጥ የሚያመረቅዝ ነገር ላለበት ሰው ደግሞ ክልክል ነው። ገና የመጀመሪያ ቀን ራጅ ተነሥተዋል ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አዎ፣ ንጹሕ ነው ብለውኛል። መቼ ነው የተነሡት?»

«የምን ራጅ?» አልኩ።

ገብተን ቀሰቀስናት። በስንት ጉትጎታ ዓይኗን ገለጠች።

«እትዬ፣ ራጅ የተነሣሽው መቼ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ድንበር ላይ ነዋ፣ ስንገባ! አንቺም አብረሽኝ ተነሥተሽ የለ?»

አብሬያት ተነሥቻለሁ። ጥገኝነት የጠየቅን ጊዜ ነው። በተራ እየገባን፣ ከወገብ በላይ ራቁታችንን፣ ደረታችንን ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ ለጥፈን ትንፋሻችንን ያዝን። የሳንባ ምርመራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ወገቧን ደግሞ ማንም ራጅ አላነሣውም።

ይህን ስተረጉም ሴትየዋ ተንጠራርተው መሣሪያውን አጠፉት። ድምፁ ሲቆም ክፍሉ ራሱ የጎደለ መሰለኝ።

«ሐኪም ጀርባቸውን ሳያይ እዚህ አልጋ ላይ አላስተኛቸውም» አሉ።

ስነግራት እትዬ ዓይኗ ተለወጠ። በእኔ ላይ እንዲያ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

«ምን ብለሻት ነው? ስንት ወር እንደ ጉጉት ሳፈጥ የት ነበርሽ? አሁን መተኛት ስጀምር መጥተሽ ታስከለክይኛለሽ!»

«እትዬ፣ ስሚኝ...»

«አልሰማም! ተነሺ፣ እንሂድ።»

ከአልጋው ወርዳ እግሮቿን ወደ ጫማዋ ሰደደች፤ ካፖርቷን አነሣችና ወደ በሩ አመራች። በሩን ከፍታ ደረጃው ጫፍ ላይ ስትደርስ ወደ እግሯ ተመለከትኩ። በአንድ እግሯ ካልሲ ብቻ ነው። ግራ ጫማዋ አልጋው ሥር ቀርቷል፤ እሷ የቀዝቃዛውን ድንጋይ ወለል በካልሲ እየረገጠች ትሄዳለች።

«እትዬ፣ ጫማሽን አላደረግሽም።»

«አድርጌያለሁ።»

«ወደ ታች እዪ።»

አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቁጣው ሁሉ ከፊቷ ላይ ወርዶ ባዶ ሆነ። ጎንበስ ብላ እግሯን በጣቷ ነካች፤ ደግማም ቆነጠጠችው።

«አይሰማኝም» አለች ቀስ ብላ። «ያ ረቢ፣ አይሰማኝም።»

ሴትየዋ በራሳቸው መኪና ሆስፒታል አደረሱን። እንደደረስን ለባሏ ደወልኩለት። ከሥራ በቀጥታ መጣ፤ የመጋዘን ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ሐኪሙ የጀርባዋን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየን። የአከርካሪዋን አጥንት ቲቢ በልቶታል። መግሉ ወደ እግሯ የሚወርዱትን ነርቮች ተጭኖ ይዟል። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ከወገብ በታች ሽባ ትሆን ነበር አለን። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሳያሳምማት እንደቆየ ጠየቃት።

«ያሳምመኝ ነበር» አለች። «አስተኛሁት።»

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰዓት ወሰደ። ባሏና እኔም ተመረመርን፤ ውጤቱ እስኪመጣ ባሏ በሳለ ቁጥር ቀና ብዬ አየው ነበር፣ እሱም እኔን ያየኝ ነበር። ሁለታችንም ነጻ ወጣን።

ሴትየዋ ሆስፒታል መጥተው አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ። ከእንግዲህ የሐኪም ቃል ካልሰሙ ማንንም እንደማያስተኙ ነገሩን። እትዬ እጃቸውን ይዛ ቆየችና እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ።

«አልቀየምኩም በያት። ግን ጠይቂልኝ፤ እንደኔ "አዎ" ብለው የተኙ ሌሎችም አሉ?»

ተረጎምኩ። ሴትየዋ ወለሉን እያዩ፣ «አላውቅም» አሉ። ካፖርታቸውን ለብሰው ሄዱ።

እትዬ መድኃኒቱን ከዓመት በላይ ወሰደች። ከብብቷ እስከ ዳሌዋ በሚደርስ ደረቅ መደገፊያ ታስራ መራመድን እንደገና ተማረች። ቀኝ እግሯ ተመለሰላት፤ ግራው አሁንም ይጎተታል። ማጠቢያ ቤቱን ትታ እዚያው ዲቲኮን ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ አገኘች። ማታ ማታ ወገቧ ይጠዘጥዛታል። ሐኪሙ ማስታገሻ ሲያዝላት ትቀበለዋለች፤ ባሏ እንደሚለው ግን ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠውና ሕመሙ የት እንደደረሰ በእጇ እየዳሰሰች ትቆያለች።