የአያ ተገኘ ምሳር

ዛሬ ጠዋት የበሩን ማጠፊያ ልመታ መዶሻ ባነሳ ብረቱ ከእጀታው ውልቅ ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ከጓዳ ሆና፣ «ውሃ ውስጥ ንከረው፤ እንጨቱ ያብጥና ይጠብቃል» አለችኝ። ጮኽኩባት። ለመዶሻ ብሎ ሚስቱ ላይ የሚጮህ ሽማግሌ! ግን ያቺን ምክር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱን ደግሞ እሷም ታውቃለች።

ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። እኔም የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ጎንደር ከተማ ካሉት ደብሮች ባንዱ መሪጌታ ስለነበሩ፣ ከዳዊትና ከመቋሚያ በቀር እጄ የለመደው ነገር አልነበረም። ጥሩነሽ የታጨችልኝ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ የገበሬ ቤት ነው። ሠርጉም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል። አባቷ አያ ተገኘ ግን «የደብተራ ልጅ ጎጆ ያቆማል ብላችሁ ነው?» እያሉ ያሙኝ ኖሯል። ጥር እንደገባ «የዳሱን እንጨት ራሱ መጥቶ ይቁረጥ» ብለው ላኩብኝ።

እጩ ሙሽራ ከሠርጉ በፊት አማቶቹ ቤት መታየቱ ነውር ነው። አማት ከጠራ ግን ምን ይደረጋል? ጨው በጫነ ማኪና ላይ ተንጠልጥዬ አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ። ገብሱ ታጭዶ ምድሩ ሁሉ ገለባ ሆኗል፤ የወገራ ውርጭ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደርሶ ነበር።

አያ ተገኘ እጀታ የሌለው የምሳር ብረት ይዘው ጠበቁኝ። ካያታቸው የወረደ፣ ስለቱ ከመሳል ብዛት የሳሳ ጥቁር ብረት ነው።

«ዛቢያውን አንተው አግባለት» አሉኝ፤ እጀታውን ማለታቸው ነው። «በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ለደቦ ይመጣል። የመጀመሪያውን እንጨት በዚህ ምሳር አንተ ትጥላለህ። ዳሱ ከቆመ ሠርጉ በቀኑ ይሆናል።»

«እሺ፣ አያ» አልኩ። በቃ፣ እሺ! ምን ዓይነት እንጨት እንደሚሆን ብጠይቅ ምላሴ ይቆረጥ ነበር? የመሪጌታ ልጅ ነኛ፤ ገበሬ እንዴት እጠይቃለሁ!

ከወንዙ ዳር እርጥብ ወይራ ቆረጥኩ፤ እርጥብ ለቢላ ይመቻላ። የመጀመሪያውን አሳሳሁትና ጠረቅ ብሎ ተሰበረ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ሁለተኛውን ልኩን አግኝቼ በብረቱ ቀዳዳ አስገባሁት፤ ጫፉን ሰንጥቄ ሽብልቅ መታሁበት። ሸጋ ሆነ ብዬ በማግስቱ ብወዘውዘው እንጨቱ ደርቆ ኮስሷል፤ ብረቱ ይዋልላል። ሌላ ሽብልቅ መታሁ፤ እሱም ላላ። ያደርኩበት የጎረቤት ቤት ባለቤት፣ «ውሃ ውስጥ ንከረው» አሉኝ። ነከርኩት፤ ጠበቀ። ደስታዬ! ተገላገልኩ አልኩ።

ምሳና ራት አያ ተገኘ ቤት ነው። እኔ ደግሞ አማት ፊት ቀና ማለት ብልግና ነው ተብዬ ያደግሁ። ሦስት ቀን ሙሉ መደቡ ላይ አቀርቅሬ ያየሁት የገብሱን እንጀራ፣ የራሴን ጉልበትና ወዲያ ወዲህ ስትል የጥሩነሽን እግር ብቻ ነው። እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ያስላቸዋል። ከእሳቸው ጋርማ ቃል መለዋወጥ የማይታሰብ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰው እስኪሰበሰብ፣ ጠላውም እስኪቀዳ ፀሐይዋ ከረረች። ምሳሩ አጥር ላይ ተደግፎ ፀሐይ ሲጠጣ እኔ ምርቃት እቀበላለሁ! ተነሥቼ አንድ መታሁ፤ ሁለት መታሁ፤ «እሰይ!» አሉ። በሦስተኛው ብረቱ ከእጀታው ተፈናጥሮ በሰዎቹ ራስ ላይ አለፈና ገደሉን ወረደ። ሁለት ጊዜ ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። እኔ ባዶ ዱላ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

እስኪመሽ ገደሉ ውስጥ ሳማና እሾህ ሲፈጀኝ ዋልኩ፤ ብረቱ የለም። ተመልሼ መደቡ ላይ ስቀመጥ አያ ተገኘ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«ገዱ አላማረኝም» አሉ። «ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን።» ከዚያ በዱላቸው ወደ ላይ አመለከቱ። «ምነው አንተ ልጅ፣ ይጠይቀኛል ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁህ እኮ!»

በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አልኩ። ከመቀመጫዬ በላይ፣ ልክ ከራሴ በላይ፣ ሁለት ዓመት ጭስ ጠጥቶ የደረቀ፣ ተጠርቦ ያለቀለት የወይራ ዛቢያ ማገሩ ላይ ታስሯል።

ጾሙ ሳይጋመስ የጥሩነሽ እናት ዐረፉ። ከፋሲካ በኋላ ያለ ከበሮ፣ ያለ እልልታ ተጋባን።

ዛሬ ጠዋት ከጮኽኩባት በኋላ ጥሩነሽ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያ ዛቢያ እኮ ቦታው ምድጃው ላይ ነበር» አለችኝ። «እናቴ ናት በዚያ ሳሏ በርጩማ ላይ ወጥታ ካንተ በላይ ያሰረችው። ለአማች አይነገር ነገር፤ ልጁ ያየዋል ብላ። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ወደ ላይ አያለሁ፤ አንተ እግሬን ታያለህ።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«ምን ሊረባህ? እናቴ ‹ጥርን ብቻ ያድርሰኝ› ትል ነበር።»

ያን ሁሉ ዘመን የተናደድኩት ስለ ብረቱና ስለ ሳቁብኝ ሰዎች ነበር። ለካ አንዲት የታመመች ሴት የልጇን ሠርግ ለማየት የቻለችውን ሁሉ አድርጋ፣ እኔ ጨዋ ነኝ ብዬ አቀርቅሬ ቀረሁባት። ይህ የትኛው ጨዋነት ነው? እግዜር ይቅር ይበለኝ!

መዶሻውን ከመሬት አነሳሁ። ውሃ ውስጥ አልነከርኩትም።

«ጥሩነሽ፣ ደረቅ እንጨት ከየት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኋት።